ባሕር ሸሽ ላይ የተተከለው ችካል

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ የሚወስደው መንገድ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ፣ ከጣና ዳርቻ ቀበሌዎች በአንዱ በተጠራ የሕዝብ ውይይት ላይ በሕግ ባለሙያነት ተጋብዤ ተገኝቼ ነበር። የውይይቱ ርዕስ በሐይቁ ዙሪያ ሊከለል የታሰበው ቀጠና ነበር፤ ከውሃው ጠርዝ አንሥቶ እስከ ተወሰነ ርቀት ድረስ መሬት እንዳይታረስ፣ ከብት እንዳይሰማራ፣ ቤት እንዳይሠራ የሚያግድ ድንጋጌ ነው። ማብራሪያው ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ። ከዚያ ሰብሳቢው «የምትቃወሙ?» ሲሉ አንድም እጅ አልወጣም። «ድምፀ ተዓቅቦ?» አሁንም የለም። «የምትደግፉ?» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ፤ ቃለ ጉባኤውም «በሙሉ ድምፅ» ብሎ መዘገበ።

ውጭ፣ ከአዳራሹ ጥግ በዋርካው ጥላ ሥር፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያየኋቸውን አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘኋቸው። እርሻቸው ከውሃው ጋር እንደሚዋሰን ከጎረቤታቸው ሰምቼ ስለ ነበር «አባባ፣ እርስዎም ደገፉ?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ያወጣሁት እጄን ነው፤ መሬቴን አላወጣሁም» አሉኝ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው በኩል ሳልፍ ወሰን እንዲሆኑ ጫፋቸው ቀይ ተቀብቶ የተተከሉት የባሕር ዛፍ ችካሎች አብዛኞቹ ቦታቸው ላይ አልነበሩም። አንዱ ብቻ ጓያ በተዘራበት ማሳ ዳር ቆሟል፤ ጥጃ ታስሮበታል።

ይህንን ያስታወሰችኝ የሕግ አወጣጥ ሥርዓት የማስተምራት አንዲት ተማሪ ናት። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ከአንዱ ፓርቲ፣ ምክር ቤቱ ከሌላው ፓርቲ የሚሆኑበት፣ መንግሥት ሆድና ጀርባ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ስነግራቸው እጇን አውጥታ «እኛ ሁሉም እጅ እያወጣ የጸደቀው ሕግ ጣናን ካላዳነ፣ እነሱ እርስ በርስ እየተባሉ ወንዛቸውን እንዴት አጸዱ?» ብላ ጠየቀችኝ። በክፍለ ጊዜው የሰጠኋት መልስ ለራሴም አላረካኝም፤ ይህ ጽሑፍ ያኔ መመለስ የነበረብኝን ለመመለስ የተጻፈ ነው።

የአሜሪካ ትልልቆቹ የአካባቢ ጥበቃ ሕጎች የወጡት በተከፋፈለ መንግሥት ዘመን መሆኑ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። ሪቻርድ ኒክሰን ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች ደግሞ በዴሞክራቶች እጅ ነበሩ። የብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ተፈረመ፤ የንጹሕ አየር ሕግ የዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ላይ ተፈረመ፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑም በዚያው ዓመት ተቋቋመ፤ ለመጥፋት የተቃረቡ ፍጥረታት ሕግ በ1973 ተከተለ። እርግጥ ነው፣ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር። በ1969 በካሊፎርኒያ የሳንታ ባርባራ ዳርቻ በነዳጅ ተጨማልቋል፤ በዚያው ዓመት በክሊቭላንድ ከተማ የሚያልፈው የካያሆጋ ወንዝ በላዩ ከተንሳፈፈው ዘይትና ቆሻሻ የተነሣ በእሳት ተያይዟል። ውሃ ሲቃጠል ያየ ሕዝብ ዝም አይልም። ይሁን እንጂ ቁጣ ብቻውን ሕግ አይሆንም። ቁጣውን ወደ ሕግ የለወጠው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ፉክክሩ ነው። የውሃና የአየር ሕጎችን በሴኔት ይመሩ የነበሩት የሜይኑ ዴሞክራት ኤድመንድ መስኪ በ1972 ምርጫ ኒክሰንን ይገጥማሉ ተብለው ከሚጠበቁት ግንባር ቀደሙ ስለ ነበሩ፣ ሁለቱ ወገኖች በጨረታ ላይ እንዳሉ ነጋዴዎች አንዱ በሌላው ላይ እየጨመሩ ሄዱ።

ጨረታው ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ያቆመውም ገንዘብ ነው። የንጹሕ ውሃ ሕግ ረቂቅ ለከተሞች የፍሳሽ ማጣሪያ መገንቢያ በሦስት ዓመት 18 ቢሊዮን ዶላር የሚፈቅድና የፌዴራሉ መንግሥት ከግንባታው ወጪ 75 በመቶውን እንዲሸፍን የሚያደርግ ነበር። ኒክሰን በዛብኝ ብለው ኦክቶበር 17 ቀን 1972 ቪቶ አደረጉት፣ ማለትም አልፈርምም ብለው መለሱት፤ ምርጫ ሊካሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ነው። ሰዓታት ሳያልፉ ሴኔቱ 52 ለ12፣ በማግሥቱም የተወካዮች ምክር ቤቱ 247 ለ23 በሆነ ድምፅ ቪቶውን ሻሩት፤ ከሻሩት መካከል ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የሆኑ ብዙ እንደራሴዎች ነበሩ። ምክንያቱን ለማወቅ የፖለቲካ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እያንዳንዱ እንደራሴ ወደ መረጠው ሕዝብ ሲመለስ «ማጣሪያችሁ ይሠራል፣ ከአራት እጅ ሦስቱን ዋሽንግተን ይከፍላል» ማለት የሚችልበት ሕግ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ከዚያ በኋላም ከተፈቀደው ገንዘብ ብዙውን ይዘው አልለቅም ብለው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ሕጉ ይህን እንደማይፈቅድ እስኪወስን ድረስ ጉዳዩ በክርክር ቆየ። ሕግ ከጸደቀ በኋላም ትግሉ እንደማያልቅ ለማስረዳት ተማሪዎቼን የማስጠናቸው መዝገብ ይህ ነው።

የበለጠ የሚያስተምረኝ ግን የ1990ው የአየር ሕግ ማሻሻያ ነው። በከሰል ድንጋይ ከሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚወጣው ድኝ አዘል ጭስ ከዝናብ ጋር ተደባልቆ በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶችና በካናዳ ሐይቆችን ያመርር፣ ደን ያደርቅ ነበር። የሬገን ስምንት የሥልጣን ዓመታት አንድም የአሲድ ዝናብ ሕግ ሳይወጣባቸው አለፉ። አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በፕሬዚዳንቱ ላይ ይጥላል፤ ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን በተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን አግተው ከያዙት ሰዎች አንዱ ጆን ዲንገል ናቸው፤ የመኪና ፋብሪካዎች መናገሻ የሆነችው የሚሺጋን ተወካይ። ሲገፉት የነበሩት ደግሞ የካሊፎርኒያው ሄንሪ ዋክስማን ናቸው። በሴኔት ለድንጋይ ከሰል የተከራከሩት የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት በርድ፣ ለሐይቆቹ የተከራከሩት የሜይኑ ጆርጅ ሚቸል ነበሩ። አራቱም ዴሞክራቶች ናቸው! እንግዲህ ክፍፍሉ በፓርቲ ስም ሳይሆን በእንጀራ ምንጭ ነበር ማለት ነው፤ አንዱ የሚኖረው በከሰል ነው፣ ሌላው በመኪና፣ ሌላው ዓሣ በሚጠመድበት ሐይቅ።

በ1989 መጀመሪያ ሚቸል በርድን ተክተው የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሆኑ፤ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽም ሕጉ እንዲወጣ ፈቃደኛ ሆነው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1990 መጀመሪያ ሚቸል የሁለቱንም ፓርቲ ሴናተሮችና የፕሬዚዳንቱን ሰዎች ቢሯቸው ውስጥ ሰብስበው፣ በር ዘግተው፣ ለሳምንታት አደራደሩ። ሽማግሌ ቤት ለቤት እየሄደ ካሳ የሚያማርጥበትን የእኛን አገር እርቅ ያየ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። የተገኘው ስምምነት ከ1980 መጠን ተነሥቶ የድኝ ጭሱን በዓመት በ10 ሚሊዮን ቶን መቀነስ ነበር፤ አቀናነሱ ግን ለእያንዳንዱ ማመንጫ በቶን የተለካ ፈቃድ ሰጥቶ ከተፈቀደለት ያነሰ የለቀቀው ትርፉን ለሌላው እንዲሸጥ የሚያደርግ ነበር። ከባድ ሸክም ለወደቀባቸው ለኦሃዮ፣ ለኢንዲያናና ለኢሊኖይ ማመንጫዎች ተጨማሪ ፈቃድ ተመደበላቸው። በርድ ሥራቸውን ለሚያጡ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ካሳ የሚሰጥ ማሻሻያ አቅርበው በአንድ ድምፅ ልዩነት፣ 49 ለ50 ተሸነፉ፤ ሆኖም በመጨረሻው ሕግ ውስጥ በሕጉ ምክንያት ከሥራ ለሚፈናቀሉ ሠራተኞች የሥልጠና ድጋፍ ገባ። ቡሽ ሕጉን የፈረሙት ኖቬምበር 15 ቀን 1990 ነው። ከኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚወጣው የድኝ ጭስ ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ ከዚያ በኋላ ፓርቲዎች ስንት ጊዜ ቢፈራረቁም ሕጉን የሻረው የለም።

ሥልጣን በአንድ እጅ ሲሆን ነገሩ ይቀላል የሚል ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. 2009ን ይመልከት። ዋይት ሃውስም፣ ሁለቱም ምክር ቤቶችም በዴሞክራቶች እጅ ሳሉ የአየር ንብረት ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ212 ካለፈ በኋላ ሴኔት ደርሶ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ቀረ። በ2022 ያው ፓርቲ በሴኔት በምክትል ፕሬዚዳንቷ ድምፅ ታግዞ 51 ለ50 ያሳለፈው ትልቅ የአየር ንብረት ሕግ ከሌላው ወገን አንድም ድምፅ አላገኘም ነበር፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ጁላይ 2025 ላይ፣ ለንጹሕ ኃይል ከሰጣቸው የግብር እፎይታዎች ብዙዎቹ በሌላ ሕግ ተቆራረጡ። ይህን ስል ክፍፍል በረከት ነው ማለቴ አይደለም። በክፍፍል ምክንያት መሳቢያ ውስጥ የቀረው ረቂቅ ከጸደቀው ይበልጣል፤ በተለይ የአየር ንብረትን በተመለከተ ሆድና ጀርባ ከሆነ መንግሥት የወጣው እጅግ ጥቂት ነው። የወጣውም ቢሆን፣ ለምሳሌ የማቀዝቀዣ ጋዞችን በ85 በመቶ ለመቀነስ ዲሴምበር 2020 ላይ የጸደቀው፣ ማንም ሊጥለው በማይደፍረው የበጀት ሕግ ሆድ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ያውም የኬሚካል ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ስለ ፈለጉት ነው ያለፈው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የእኛ ሕገ መንግሥት እንዲህ ሆድና ጀርባ የሚሆን መንግሥት ጨርሶ አያውቅም። በአንቀጽ 56 መሠረት የመንግሥትን የአስፈጻሚነት ሥልጣን የሚይዘው በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጥምረት ነው። በአንቀጽ 57 መሠረት ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል፤ ቪቶ የሚባል ነገር የለም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ መያዛቸው፣ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ በተካሄደው ምርጫም ገዥው ፓርቲ ከ436 መቀመጫ 410 ማግኘቱ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ረቂቅ ማሳለፍ ቀላል ነው። ሕጎቻችንም በወረቀት ደረጃ የሚታሙ አይደሉም፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ዛሬም ሳነባቸው አጻጻፋቸው ያስደስተኛል።

እነዚህ አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ በታተሙበት በዚያው በ1995 ዓ.ም. የጣና ውሃ እጅግ ወርዶ መርከቦች መንቀሳቀስ ተቸግረው ነበር። ዝናቡ አጥሮ ነበር፤ በ1988 ዓ.ም. በአባይ መውጫ ላይ ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብም ለኤሌክትሪክ ሲባል ውሃ ይለቅ ነበር። ሐይቁ ሲሸሽ የተገለጠው መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። ለም ነው፤ እርጥበቱ ስለሚቆይ ያለ ዝናብ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ገበሬው ተከትሎ ገባ፤ ደንገሉ ተመነጠረ። ደንገል በሐይቁ ዳርቻ ለሚኖሩት ወይጦዎች የታንኳ መሥሪያ፣ ለዓሣው መጠለያ፣ ለሐይቁ ደግሞ ከማሳ የሚታጠበውን ደለልና ማዳበሪያ የሚያስቀር ማጥለያ ነበር። ማጥለያው በሳሳበትና ማዳበሪያው በበዛበት ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ ታየ። በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ መሆን የሚችል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ አረም ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ገበሬው በደቦ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ እኛም ከከተማ በዘመቻ ሄደን ፎቶ ስንነሣ።

እንግዲህ ይህን ሰንሰለት ላስተዋለ ሰው ክፍፍሉ የት እንዳለ ግልጽ ነው። መብራት የሚፈልገው ውሃው እንዲለቀቅለት ይሻል፤ መርከበኛው እንዲያዝለት። የፎገራው ሩዝ አምራች ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ዓሣ አጥማጁ ንጹሕ ውሃ። ባለ ሆቴሉ ዳርቻው ላይ መገንባት ይፈልጋል፤ ገዳማቱ ጸጥታውንና ደኑን ይጠብቃሉ። በሕገ መንግሥቱ ንባብም ሥልጣኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ ድንበር ተሻጋሪ የሆኑና ከአንድ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ውሃዎችን የሚያስተዳድረው በአንቀጽ 51(11) ፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ መሬቱን በአንቀጽ 52(2)(መ) መሠረት የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለዚህ የጣና ውሃ ጉዳይ በአዲስ አበባ የሚወሰን ሲሆን፣ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ደግሞ የክልሉ ሕጎች በሚወጡበት ጋዜጣ፣ በባሕር ዳሩ ዝክረ ሕግ ላይ የሚታተም ጉዳይ ይሆናል። ሁሉም ወገን ምክር ቤት ውስጥ በአንድ ፓርቲ ስም ስለሚቀመጥ ጠቡ አይሰማም እንጂ ጠቡ አለ። አሜሪካኖቹ ጠቡን ከሕጉ በፊት ይጨርሱታል፤ ብዙ ጊዜም ጠቡ ሕጉን ይጨርሰዋል። እኛ ሕጉን አጽድቀን ጠቡን ችካሉ ሥር እናገኘዋለን።

ለመደራደር የሚያስችል ድንጋጌ ጠፍቶ አይደለም። አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። አንቀጽ 44(2) መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የበርድን ማሻሻያ በሕገ መንግሥት ደረጃ አለን ማለት ይቻላል። ቋጠሮው ያለው ከታች ነው። የመሬት ካሳ የሚከፈልበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚሰጠው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ሰው ነው። በዋርካው ሥር ያገኘኋቸው አዛውንት የሚያርሱት ባሕር ሸሽ ግን በይዞታ ደብተራቸው ላይ የለም፤ ደብተሩ ሲሰጥ ውሃ ውስጥ ነበር ሲሉ በጣታቸው ወደ ሐይቁ አመለከቱኝ። ስለዚህ ለሕጉ እሳቸው የሚያጡት ነገር የላቸውም፤ ለቤታቸው ግን የዓመቱ ሽምብራ ነው። በሕግ ዓይን የማይታይ ኪሳራ ይዞ ስብሰባ የተጠራ ሰው «የምትቃወሙ?» ሲባል ምን ብሎ ይቃወማል? ተቃውሞው ወንጀሉን ማመን ይሆንበታል።

ለተማሪዬ ሳልነግራት የቀረሁት ይህንን ነው። ወንዙን ያጸዳው የአሜሪካኖቹ መባላት አይደለም። ቪቶ ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም የተቃዋሚ ፊርማ የግድ ሲሆን፣ የሚከስረው ማን እንደ ሆነና ስንት እንደሚከስር አስቀድሞ በስም በስሙ መቁጠር የግድ ይሆናል። የኦሃዮ ማመንጫ ተቆጥሯል። የዌስት ቨርጂኒያ ማዕድን ቆፋሪ በአንድ ድምፅ ልዩነት ቢሸነፍም ተቆጥሯል። በእኛ አዳራሽ እጅ ተቆጠረ፤ ሽምብራው አልተቆጠረም። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ሲጸድቅም ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት የጠየቀችኝ ስለ ሐይቁ አልነበረም፤ «ታዲያ በምን ልቋጥርልህ?» ነው ያለችኝ። ጥያቄዋ ከብዙ የውይይት ሰነድ የተሻለ የሕግ አስተያየት ነበር።

አዛውንቱን ከመሰናበቴ በፊት አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር፤ ምን ቢደረግልዎ እርሻውን ይተዋሉ? ብዙም አላሰቡበትም። «ሣሩን ይተውልኝ» አሉ። ከብት አላሰማራም፣ ሞፈር አላስገባም፣ ነገር ግን ደንገሉ ተመልሶ ሣሩ ሲያድግ እያጨድኩ ወደ ቤት እንድወስድ፣ ይህም ለእኔና ለልጆቼ መሆኑ በወረቀት ይጻፍልኝ፤ እርሻ የማላርስበትን የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ደግሞ የሽምብራዬን ዋጋ ቻሉኝ። ይኸው ነው። አንድ አንቀጽ ከሁለት ንዑስ አንቀጽ ጋር የሚሞላ፣ የሚከሰስበትም የሚተማመኑበትም ሐሳብ ነበር። ይህን ለመጨመር ይቻል እንደ ሆነ ልጠይቅ ወደ አዳራሹ ተመልሼ ስገባ ወንበሮቹ ተደራርበው ነበር፤ ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ በቃለ ጉባኤው እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም እየመታ ነበር።